የጋሽ ሰይድ እጅ መንሻ

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰው መኪና ሲገዛ አይታችኋል። ቤት ሲገዛም አይታችኋል። የርግብ ቤት ከእንግሊዝ አገር አስፈርሶ፣ ድንጋዩ ላይ አንድ በአንድ ቁጥር አስጽፎ፣ በመርከብ አስጭኖ ቴክሳስ ያስገባ ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ማለቴ፣ ያየሁት የርግብ ቤቱን ነው። ሰውየውንማ ማን ያየዋል? የምሠራበት ሆቴል ባለቤት ነው። የነዳጅ ጉድጓድ አለው፣ የከብት እርባታ አለው፣ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል ይሉናል። እሱ ብቅ ሲል እኔ ሁልጊዜ ኤርፖርት ነኝ።

ሆቴላችን ግሬፕቫይን የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። እኔ ሚኒባሱን እነዳለሁ። ከዲኤፍደብሊው ኤርፖርት እንግዳ አመጣለሁ፣ እንግዳ እመልሳለሁ። እንግዳው ከየዓለሙ ዳርቻ ይመጣል፤ እኔ ግን ዓለምን ሳላይ ዓመት ከዓመት በዚያች በዐሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ተመላለስኩባት።

ወደ ርግብ ቤቱ ልመለስ። ክብ ነው፤ ከጎጆ ትንሽ ከፍ ይላል። ጣራው ሾጣጣ፣ በሩ ጎንበስ ያላለን የማያስገባ። ውስጡ ከታች እስከ ላይ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ርግቦች እንዲፈለፍሉበት ግንቡ ውስጥ የተተወ ጉድጓድ። በሩ አጠገብ የታሪክ ሰሌዳ ተተክሏል። ሰሌዳው እንደሚለው በድሮ ዘመን ከአንድ ባላባት ቤት ጓሮ የቆመ ነበር። ርግብ ማርባት የሚፈቀደው ለባላባቱ ብቻ ነው። ታዲያ ርግቦቹ የማንን እህል የሚበሉ ይመስላችኋል? ጢሰኛው ይዘራል፣ ርግብ ትለቅማለች፣ ጌታው ርግቧን ጠብሶ ይበላል። ጢሰኛው ድንጋይ ቢወረውርባት ደግሞ ይቀጣል። ይህን ተርጉሜ ሳነብላቸው ጋሽ ሰይድ ከት ብለው ሳቁና፣ «ይሄን ለማየት መርከብ ምን አስፈለገ? አባቴን አይጠይቁም ነበር?» አሉ።

ጋሽ ሰይድ የሆቴሉ አትክልተኛ ነበሩ። ከደሴ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ፣ ወደ ስድሳው የተጠጉ፣ ረጅም ቀጭን ሰው። አገር ቤት ግንበኛ ነበሩ። ድንጋይ ሲያዩ የድንጋዩን ፊት ነው የሚያዩት፤ የትኛው ወደ ውጭ፣ የትኛው ወደ ውስጥ እንደሚዞር ሳይነኩት ያውቃሉ። እዚህ ግን ቅጠል የሚነፋ ማሽን ጀርባቸው ላይ አሸክመዋቸዋል። ጠዋት ቅጠሉን ከዚህ ወደዚያ ይነፋሉ። ከሰዓት የቴክሳስ ንፋስ ከዚያ ወደዚህ ይመልሰዋል። በማግስቱ እንደገና። አንድ ቀን፣ «ኑሩ፣ እኔና ይሄ ንፋስ አንድ አለቃ ነው ያለን መሰለኝ» አሉኝ።

የዲቪ ሎተሪ ደርሷቸው ሲመጡ ሚስታቸው ወይዘሮ ዘሃራ የታመሙ እናታቸውን ጥዬ አልመጣም ብለው ቀሩ። እናትየው ሲሞቱ ጋሽ ሰይድ ሚስታቸውን ለማምጣት ወረቀት ጀመሩ። አገራችን ሚሌኒየሙን ባከበረችበት ዓመት ነው ነገሩ የሞቀው፤ የኤምባሲው ቀጠሮ መጣ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይህ ሰው እኛ ጋ በቋሚነት ይሠራል» የሚል ደብዳቤ፣ ከሆቴሉ፣ በማኅተም። ይቺን ደብዳቤ ልብ በሉልኝ። ነገሩ ሁሉ በሷ የመጣ ነው።

የርግብ ቤቱ ቁልፍ ጋሽ ሰይድ እጅ ነበር፤ መጥረጊያውንና አካፋውን እዚያ ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ በብሬካችን ዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ እዚያ ውስጥ እንሰግድ ነበር። እንዴት ያለ ቦታ መሰላችሁ! ውጭ የእንቁላል መጥበሻ ሙቀት፣ ውስጥ ቀዝቃዛ። ድምፅ የለ፣ ሰው የለ። ጫማችንን አውልቀን የርግቡ ቀዳዳ ውስጥ እንከታለን። እንግሊዞቹ ለጫማ ብለው የሠሩት እስኪመስል ድረስ ልክ ነው።

ግንቡ ግን ታሞ ነበር። በመርከብ መጥቶ እዚህ ሲገጣጠም ኮንትራክተሩ ድንጋዩን እንደ ጡብ ደርድሮ በሲሚንቶ ለሰነው። ጋሽ ሰይድ ገና የመጀመሪያ ቀን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። አሮጌ ድንጋይ መተንፈስ አለበት፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ ግንቡን ከውስጥ ይበላዋል ይሉ ነበር። እንዳሉትም ሆነ። በዚያ ዓመት በፀደይ የወረደው ዝናብና በረዶ የሰሜን ምሥራቁን ጎን አሳበጠው። ሆዱ ገፋ። የሁለት ክንድ ስፋት ያህል ቦታ ለመውደቅ ቀን ይቆጥር ጀመር። ነገሩን የሚያከፋው ያ ጎን ቂብላችን፣ ወደ መካ የምንዞርበት አቅጣጫ ነበር። ሱጁድ ወርደን ስንነሳ የምናየው እሱን ነው።

ሥራ አስኪያጇን አስፈቀድን። ዶና ትባላለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈገግታዋ አይጠፋም፣ ልደታችሁን ታስታውሳለች። ፎርም ሙሉ አለችን። ሞላን። ሌላ ፎርም አለ አለችን። ሞላን። በጀት ሲለቀቅ ኮንትራክተሩ ይመጣል ተባለ። የቱ ኮንትራክተር? ያው የሲሚንቶው።

አሁን ስህተታችን ጋ ደረስን። አንድ ቀን ሰግደን ስንጨርስ ጋሽ ሰይድ ወዲያው አልወጡም፤ ግንቡን እየዳበሱ ቆዩ። ያን ደብዳቤ ዶናን ልጠይቃት ነው፣ ግን ባዶ እጄን እንዴት ብዬ ፊቷ እቆማለሁ አሉኝ። አያችሁ፣ እኛ አገር ጉዳይ ያለበት ሰው ሹም ፊት እጁን እያፍተለተለ አይቀርብም። ማር ይዞ፣ ሙክት ይዞ፣ ካጣ ዶሮም ቢሆን ይዞ ነው። እጅ መንሻ ነው። ጉቦ እንዳትሉት፤ ጉቦ ተደብቆ ነው የሚሰጠው፣ እጅ መንሻ ግን በአደባባይ፣ ለአክብሮት ነው። ለዶና ደግሞ ሙክት መውሰድ አይቻልም። ውሻ እንጂ በግ አትወድም።

«ይሄን ግንብ አቃናላታለሁ» አሉ። «እሑድ ቀን፣ በራሴ ሰዓት፣ በራሴ ኖራ። ከዚያ ሰኞ ገብቼ ደብዳቤውን ስጠይቃት አንገቴን አልደፋም።»

እኔስ ምን አልኩ? ልክ ነው አልኩ! በጣም ያማረ ሐሳብ ነው አልኩ! እንዲያውም ጅጌ እወጣለሁ፣ በጉልበቴ አግዛለሁ አልኩ። ሦስት ዓመት አሜሪካ ኖሬ፣ ላይሰንስ አውጥቼ፣ ታክስ ሞልቼ፣ ጭንቅላቴ ግን ገና ከደሴ መናኸሪያ አልወጣም ነበር።

ኖራውን ፎርት ዎርዝ ሄደን የሜክሲኮ ግንበኞች ከሚገዙበት ሱቅ አመጣን። እሑድ ፀሐይ ስትወጣ ጀመርን። ጋሽ ሰይድ ከላይ ያለውን በእንጨት ደግፈው ሲሚንቶውን እየፈለፈሉ አወረዱት፤ ያበጠውን ድንጋይ አወጡና በሣሩ ላይ እንደ ቤተ ዘመድ ደረደሩት። ከዚያ አንድ በአንድ እያገላበጡ መመለስ ያዙ። እኔ ኖራ አቦካለሁ፣ ባልዲ አቀብላለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ያየኋቸውን ሰውዬ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ጀርባቸው ቀና አለ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ እንደ አለቃ ያዘኛል። «አምጣ! እሱን አይደለም! ያንን፣ ሆዳሙን!» ይላሉ። ኖራው አዲስ መስሎ እንዳያስነውር አፈርና ጥቀርሻ ቀላቀሉበት። በመጨረሻም አንዲት ጠቆር ያለች ረጅም ድንጋይ መርጠው ከውስጥም ከውጭም እንድትታይ በግንባር ቁመት ልክ አስገቧት። ለቂብላው ምልክት ነች አሉ፤ እኛ ብንሄድ የሚመጣው ሙስሊም ሠራተኛ እንዳይቸገር።

እኔ ከሰዓት ሥራ ስለምገባ ጓንቴንና ባልዲዬን እዚያው ጥዬ ወደ ሚኒባሴ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ኖራው ቶሎ እንዳይደርቅ ግንቡን በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ፍርስራሹን መጥረግ ሲጀምሩ ዶና ደረሰች። እሑድ አትመጣም ነበር። የሠርግ ቀጠሮ ላላት ሙሽራ ግቢውን ልታሳይ ብላ ነው የመጣችው። ያየችው ምንድነው? መዶሻ የያዘ አትክልተኛ፣ የተፈረካከሰ ሲሚንቶ፣ ጆንያ። ጆንያውን አልገለጠችም። አፈረሰው፣ ከዚያ ሸፈነው ብላ አሰበች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መጡ፤ ደብዳቤውን የሚጠይቁበት ቀን ነው። ቀድማ ዶና አስጠራቻቸው። እኔን ደግሞ ለማስተርጎም።

ዶና ወረቀት ላይ ሦስት ጥፋት ጽፋለች። አንድ፣ ታሪካዊ ቅርስ ነክተዋል። ሁለት፣ ያልተፈቀደ ዕቃ ግቢ አስገብተዋል። ሦስት፣ ባልተመዘገበ ሰዓት ያለ ክፍያ ሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በማስጠንቀቂያ ማለፍ እችል ነበር አለች፣ ሦስተኛው ግን ሕግ ነው፤ ሆቴሉን ያስከስሳል። ተረጎምኩ።

«ሦስተኛውን ድገምልኝ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ሳይከፈልዎት ስለሠሩ ነው ጋሽዬ።»

ሳቁ። የምር ሳቁ። «በደንብ ተርጉም እንጂ ኑሩ! ይሄን እንግሊዝኛ የት ነው የተማርከው?»

እንግሊዝኛዬ ምንም ጉድለት አልነበረውም። አሜሪካ ሰውን ሰነፍክ ብሎ ሲያባርር ሰምቻለሁ፣ አረፈድክ ብሎ ሲያባርር ሰምቻለሁ። ሠራህ ብሎ ሲያባርር ያን ቀን በገዛ አፌ ተረጎምኩ።

ከዚያ ዶና ሁለት ባልዲና ሁለት ጥንድ ጓንት አግኝቻለሁ፣ ከሱ ጋር ማን ነበር ብላ ጠየቀች። ጊዜውን አስታውሱልኝ። ኢኮኖሚው እየወደቀ፣ ሆቴሉ ሰው እየቀነሰ ነው። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነች፤ ኢንሹራንሳችን በእኔ ሥራ ነው። ጋሽ ሰይድ ወደኔ ዘወር አሉ። «ብቻዬን ነበርኩ በላት። አንተ ልጅ ሊወለድልህ ነው» አሉኝ። እኔም አፌን ከፍቼ ለዶና ተናገርኩ። ጋሽ ሰይድ ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ቅጠል መንፊያው የት እንዳለ ንገራት አሉኝ፣ ነገርኳት። ወጣን።

ስለ ደብዳቤው ደግሞ ስሙ። በኋላ አንዲት ክፍል የምታጸዳ የኛ አገር ልጅ ነገሩን ሰምታ አፏን ያዘች። ያ ደብዳቤ እኮ የሠራተኞች ቢሮ መስኮት ላይ ሄዶ ስምን መናገር ብቻ ነው አለችኝ፤ ጸሐፊዋ እዚያው አትማ ትሰጣለች፣ ዶናን ማንም አይጠይቃትም። እሷ ለአፓርታማ፣ ለመኪና፣ ሦስት ጊዜ ወስዳለች። በስንት ደቂቃ? ማተሚያው እስኪሞቅ ነው። እጅ መንሻ አይፈልግም። ግንብ አይፈልግም። ንጹሕ ሸሚዝ እንኳ አይፈልግም!

ጋሽ ሰይድ በኋላ ጠየቁ፣ ተሰጣቸውም። «ይህ ሰው እኛ ጋ ይሠራ ነበር» የሚል። ቀጠሮው አለፈ። ወረቀቱ ተመለሰ። እሳቸው ፎርት ዎርዝ መጋዘን ገቡ፤ ካርቶን ከመኪና ያወርዳሉ። አዲስ ሥራ ስለሆነ ቆየት ብለህ እንደገና አመልክት ተባሉ። ወይዘሮ ዘሃራ በስልክ ካርድ፣ «እሄዳለሁ ብዬ ሰዉን ሁሉ ተሰናብቼው ነበር፤ አሁን ገበያ መውጣት አሳፈረኝ» አሏቸው አሉ።

በመኸር ወራት አንድ ባለሙያ መጣ። እንግሊዛዊ ነው፣ የአሮጌ ሕንፃ ሊቅ፤ ባለቤቱ የርግብ ቤቱን ታሪክ አስጠንቶ አዲስ ሰሌዳ ሊያሠራ ፈልጓል። ከኤርፖርት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዝናብ ስለነበር ዣንጥላ ይዤለት አብሬው ዞርኩ። ዶናም አለች። ሰውየው ግንቡን እየዞረ ያጉረመርማል፤ ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶ፣ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው ይላል። ሰሜን ምሥራቁ ጋ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ጭቃው ላይ ተንበረከከ፣ በሱሪው! ያን የሁለት ክንድ ስፋት ግንብ በመዳፉ ዳበሰው።

ይሄ አልተነካም አለ። ይሄ አንድ ላይ እንዳለ ተጭኖ የመጣ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ግንበኛ እጅ ነው፤ ድንጋዩን እንዴት እንዳነጋገረው እዩ፣ ኖራውን እዩ፣ ዛሬ እንዲህ የሚገነባ ሰው በሕይወት የለም አለ። ጠቆር ያለችዋን ድንጋይ ሲያይማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የግንበኛው ፊርማ ነው ብሎ ፎቶ አነሳት።

ሲሚንቶውን ማን አነሳው ብሎ ጠየቀ። ዶና አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በስህተት አፍርሶት ነው አለች። ሰውየውም፣ እንዲህ ያለ የተባረከ ስህተት አይቼ አላውቅም፣ ይህን ጥበብ የገለጠልን እሱ ነው አለ።

እኔ ዣንጥላውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈለግብኝ። ይሄን የሠራው በሕይወት አለ፤ ፎርት ዎርዝ ካርቶን ያወርዳል። በቃ። ግን ያን ካልኩ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ይከተላል፤ አንተ በምን አወቅህ? ሳልኩ። ዶና፣ «ኑሩ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «አለርጂ ነው» አልኳት። ቴክሳስ መቼም አለርጂ ያላለ ሰው የለም።

ግንቡ ዙሪያ ቀይ ገመድ ተወጠረ። በሩ ተቆለፈ፣ መጥረጊያው ሌላ ቦታ ተዛወረ። አሁን የምሰግደው የተርሚናል መኪና ማቆሚያ ላይ፣ በሚኒባሱ ጥላ ነው። የቂብላችን ድንጋይ በገመድ ትጠበቃለች።

ባለፈው ወር ጋሽ ሰይድን ራሴ ኤርፖርት አደረስኳቸው። ሁለተኛውን ወረቀት ሳይጨርሱ ተዉት። «እሷ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያም እንዲህ ነበር ማድረግ» አሉ። መንገድ ላይ፣ «ግንቡ ቆሟል?» አሉኝ።

«ቆሟል ጋሽዬ።»

«ሆዱ አልገፋም?»

«ቀጥ እንዳለ ነው።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

ስለ ሊቁ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ሱሪውን ጭቃ አስነክቶ እንደተንበረከከላቸው። ይህን የሰማ ግንበኛ ደሴ ድረስ ያለ አውሮፕላን ይበር ነበር። ግን ይህን ከነገርኳቸው፣ አንተስ ያኔ ምን አልክ ይሉኛል። «ምንም አላሉም» አልኳቸው።

መነሻው በር ላይ አቀፉኝ። እኔን ያጽናናኝ አንድ ነገር ነው አሉ፤ ያን ዕለት አንተን ይዤህ አለመውደቄ። ልጅህን ሳይ ደስ ይለኛል አሉ። ዱዓ አደረጉልኝ፣ ለልጄም አደረጉ፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን የቢሮውን ነገር ስነግራችሁ ቅደም ተከተሉን አዛብቼዋለሁ። ለሰው ሁሉ እንደዚያው ነው የምነግረው። ዶና ማን ነበር ብላ የጠየቀችው በእንግሊዝኛ ነው። ጋሽ ሰይድ ገና ምን አለች አላሉኝም። እኔ በዚያው በእንግሊዝኛ፣ እኔ ምንም አላውቅም፣ ብቻውን ነው መሰለኝ አልኳት። ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ነው ለጋሽ ሰይድ ጥያቄውን የተረጎምኩላቸው፣ ገና ያልተመለሰ አስመስዬ። ከዚያ በኋላ ነው፣ «ብቻዬን ነበርኩ በላት» ያሉኝ። አፌን ከፍቼ ተናገርኩ አላልኳችሁም? የተናገርኩት፣ ይቅርታ ይጠይቃል የሚል ነው። ይቅርታ እንኳ አልጠየቁም ነበር።

ዶና አዲሱን ሰሌዳ አሠርታ ለሾፌሮች ደግሞ በቃል የምንወጣው አንድ አንቀጽ ሰጥታናለች። ወደ ግቢው ስንታጠፍ ለእንግዳ መናገር ግዴታ ነው። እናገራለሁ። በስተግራችሁ የምታዩት ከባላባት ግቢ የመጣ የርግብ ቤት ነው እላለሁ፤ በገመድ የተከለለው ግንብ ጥንታዊው ነው፤ ግንበኛው ማን እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም እላለሁ። በቀን ስምንት ጊዜ። እየተከፈለኝ።